ዳንቴል የለበሰው ምድጃ

ደሴ ፒያሳ ላይ በአንድ ኬክ ቤት ደጃፍ ሳልፍ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ካወደኝ፣ እስከ ዛሬ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። የልጅነቴ ትልቁ ጥፋት ሽታው ይኸው ነው።

ያኔ ኮምቦልቻ ነበር የምንኖረው። እናቴ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ታናሽ እህቷ ዘሀራ ደግሞ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። አንድ ክረምት፣ ወደ አገር የምትመለስ ጓደኛዋን አሸክማ፣ ላዩ ጥቁር መስታወት የሆነ ባለ ሁለት ምድጃ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ላከችልን። እናቴ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀብላ ሳሎን አስቀመጠችው፤ ዳንቴል አለበሰችው፣ የፕላስቲክ አበባም ጫነችበት። ጎረቤት ሊያይ ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ፣ አሳይታ፣ መልሳ ትሸፍነው ነበር። ወጡን ግን እንደ ወትሮው በከሰል ትሠራ ነበር። «የዘሀራ ላብ ነው፤ ማንም አይጭርብኝም» ትል ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ፣ እናቴ የጠዋት ተረኛ በሆነችበት አንድ ቅዳሜ፣ እኔ ከረሜላ ላበስል ተነሳሁ። አበባውን አውርጄ፣ ዳንቴሉን አጥፌ፣ ስኳርና ውሃ በትንሽ ድስት ጥጄ፣ መስታወቱ ከሥሩ ፍም መስሎ ሲቀላ አፌን ከፍቼ ሳይ፣ ስኳሩ ገነፈለና መስታወቱ ላይ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ተጋገረ። እኛ ሰፈር የሴት ሙያ በድስት ቂጥ ይለካ ነበር፤ እናቴ ድስቶቿን በአመድና በሽቦ ፈትጋ፣ ቂጣቸውን ወደ ሰው አዙራ ነበር የምትደረድረው። እኔም የማውቀው ይህንኑ ስለነበር፣ አመድ ዘግኜ፣ ሽቦ ይዤ፣ ክንዴ እስኪዝል ፈተግሁት። ጥቁሩ አልለቀቀም፤ ዙሪያው ግን ነጫጭ መስመር በመስመር ሆነ። ዳንቴሉን መልሼ፣ አበባውን ጭኜ፣ ዝም አልኩ።

እናቴ አልገለጠችውም። ዘሀራ ለአረፋ ልትመጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ዳንቴሉን ቀን በቀን እየሳብኩ ማስተካከል ጀመርኩ። ስድስት ዓመት ያላየኋትን አክስቴን አውሮፕላኑ ያስቀርልኝ ብዬ ዱዓ ማድረጌን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

ኅዳር ላይ፣ ሰፈሩ ለበዓሉ ሽር ጉድ ሲል፣ ዘሀራ ገባች። ስማን ሳትጨርስ ዳንቴሉን ገለጠችው።

«ያ አላህ! ይኼ ምን ጉድ ነው?» አለች እናቴ ደረቷን ይዛ።

«እኔ ነኝ፤ ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም!» ብዬ እዬዬዬን አስነካሁት። የእናቴ እጅ ወደ ነጠላ ጫማዋ ሲወርድ ዘሀራ ያዘቻት። «አብሽሪ፣ የኔ እናት» አለችኝና አቼቶና ምላጭ አስመጣችኝ። ምላጩን አጋድማ ቀስ እያለች እያንሸራተተች፣ የተጋገረውን ስኳር እንደ ቅርፊት አነሳችው፤ ነጫጩን መስመር አቼቶ በነካ ጨርቅ አሸችው። አብዛኛው ጭረት ሳይሆን የሽቦው ርጋፊ ኖሮ ለቀቀ፤ ጥፍር የምታህል ጠባሳ ብቻ ቀረች።

«ማን አስተማረሽ?» አለቻት እናቴ።

«እኔም የሄድኩ ሰሞን የማዳሜን ምድጃ በሽቦ ፈትጌ ሦስት ቀን ሳለቅስ ነበር» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ስድስት ዓመት የሰው ምድጃ ወለወልኩ። ይኼን የላክሁት እንድትበሉበት ነው ወይስ እንድትፈሩት?» አለቻት።

እናቴ ዳንቴሉን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ስቶቩ በዚያው ቀን ወጥ ቤት ገባ፤ የአረፋ ወጥም ተሠራበት።

ዛሬ ደሴ በራሴ ቤት እንዲህ ያለ ምድጃ አለኝ። ድስት አልጎትትበትም፤ ሲበርድ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌው ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፣ ሙያው ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ወተት እንድትጠብቅ ነግሬያት ገነፈለባት። ጭሱ ሳይጠፋ ሳሎን ድረስ ሮጣ መጥታ፣ «እማዬ፣ ወተቱ ፈሰሰብኝ!» አለችኝ። እኔ ወር ሙሉ የዋጥኩትን ቃል እሷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። ፊቷ ላይ ፍርሃት ፈለግሁ፤ አጣሁትና፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ።