በጆሮ ያስተማርኳት ልጅ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ በዚያ የጦርነት ዓመት ላሊበላ ውስጥ ያልፈራ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ተኩስ ሲሰማ እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። ስልክ ሲቋረጥ ባሌ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ እፈራለሁ፤ ሲመጣ ደግሞ ምን ሊያረዱኝ ነው ብዬ ለማንሳት እፈራለሁ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይላሉ። ምን አውቀው ነው! እኔ ከፈራሁት አንዱም አልደረሰብኝም። የደረሰብኝ ያልፈራሁት ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትልቋ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ታናሿ ሰባት ዓመት ሆኗት አንደኛ ክፍል ልትገባ ቦርሳዋን ይዛ ቤት ለቤት ስትንጎራደድ ነበር። ለአንድ ወር ነው አሉን። ወሩ አልቆ ሌላ ወር መጣ፣ እሱም አለቀ። ባሌ አስጎብኚ ነበር፤ እንግዳ የሚባል ከአገሩ ሲጠፋ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ። ቤት የቀረነው እኔ፣ ሁለቱ ልጆችና አማቴ ነን። አማቴ ቄስ ናቸው። ጉልበታቸው ደክሞ ቆሞ መቀደሱ ሲከብዳቸው በወጣትነታቸው ወደለመዱት ሽመና ተመለሱ። እኔ እፈትላለሁ፣ እሳቸው ይሸምናሉ፤ ቤታችን የሚቆመው በዚሁ ነበር።

ቤት ስል ደግሞ አንድ ክፍል ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። የአማቴ የሽመና ጉድጓድ የተቆፈረው በሩ ሥር ነው፤ እግራቸውን እዚያ ውስጥ ሰደው ቁጭ ይላሉ። እኔ ከበሩ ወዲህ በርጩማዬ ላይ ሆኜ እንዝርቴን አሾራለሁ። ልጆቹን ከወዲያ፣ ከጓዳው በኩል ካለው የእንጨት መደብ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጥጥ በደጋን ሲባዘት ብናኙ ቤቱን ስለሚሞላው፣ ሳል እንዳይዛቸው ብዬ ነው። ለሥራው ብርሃን፣ ለልጆቹ ጨለማ መስጠቴ ያን ጊዜ አልታየኝም።

አስረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ስለዚህ አስተማሪዋ እኔው ሆንኩ። ግን የፈታይ ዓይን ከክሩ ከተነሳ ክሩ ወይ ይወፍራል ወይ ይበጠሳል፤ አማቴ ደግሞ ጎርባጣ ክር ከሰጧቸው ቀኑን ሙሉ እግዚኦ ሲሉ ይውላሉ። እናም የማስተምረው በጆሮዬ ነው። ትልቋ የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ታናሿ ተቀብላ ትደግማለች፣ ከዚያ ብቻዋን ትለዋለች። የተሳሳተ ነገር ከሰማሁ ዞር ሳልል "ድገሚው!" እላለሁ። አማቴም ከጉድጓዳቸው ሆነው ያዳምጣሉ። እሳቸው የተማሩት እንደዚሁ ነው፤ የቤተ ክህነት ልጅ መጀመሪያ በጆሮው ነው የሚማረው። ደብተር ስለሌለን ጽሕፈቱን ሰፌድ ላይ አመድ ነስንሼ፣ ታናሿን ጣቷን ይዤ ነበር የማስጽፋት።

ይቺ ታናሿ ግን አትሳሳትም። አንድ ቀን እንኳ! ትልቋ አንድ ጊዜ ያነበበችላትን ገጽ ከላይ እስከ ታች ትወርደዋለች። አማቴ "ይቺማ ወንድ ብትሆን ቅኔ ቤት ነበር የምልካት" ይሉ ነበር። "አባ፣ ሴትስ ብትሆን ምን አለበት?" እላቸዋለሁ። "እኔ ምን አልኩ?" ይሉና መወርወሪያቸውን ይወረውራሉ።

የምፈራው ለትልቋ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ፈተናው ቢመጣ ምን ይዛ ትቀመጣለች? እዚህ አገር በዓል ብዙ ነው፣ በበዓል ደግሞ እንዝርት አይነሳም። አበስኩ ገበርኩ፣ በሚካኤል ማን ይፈትላል! እጄ በሚያርፍበት ቀን ሁሉ ከትልቋ ጋር ሒሳብ ላይ እደፋለሁ። ሒሳቡ እኔን ራሴን ጥሎኝ ሄዷል፣ እሷን ልጎትት እታገላለሁ። ታናሿን "አንቺማ ጎበዝ ነሽ፣ ሂጂ ተጫወቺ" እላታለሁ። ስለ እሷ አልፈራም ነበር። በሕይወቴ ያልፈራሁት አንድ ነገር ቢኖር እሷ ነች።

ምልክት አልነበረም ብል እዋሻለሁ። አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ስነሳ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛ ስታነብ አየኋት። ቃሏ አንድ አልተዛነፈም። ደንግጬ ለአማቴ ብነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። "እኛስ! አራት ሆነን አንድ ዳዊት ከበን አልነበር የምንማር? እኔ የደረሰኝ በራስጌው በኩል ነው፣ እስከ ዛሬ የተዘቀዘቀ ይቀለኛል። አያቷን ወጥታ ነው!" አሉ። እኔም ሳቅሁ። ለጎረቤትም አወራሁት፣ ልጄ በተዘቀዘቀ ታነባለች ብዬ! ሌላ ጊዜ ደግሞ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀችና ጉልበቷ ተላጠ። ያልኳት ትዝ ሲለኝ ዛሬም ምላሴን እነክሳለሁ። "ዓይንሽ የት ነው ያለው!" ነበር ያልኳት። እሷም "ይቅርታ እማዬ" አለችኝ።

ያወቅሁበት ቀን የሚካኤል ዕለት ነበር። አማቴና ትልቋ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሄዱ። ታናሿን ጉንፋን ይዟት ከእኔ ጋር ቀረች። ሥራ የለ፣ ሒሳብ የለ፤ እስቲ ዛሬ ከጎበዟ ልጄ ጋር ልጫወት ብዬ መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጽሐፍ ይዤ አጠገቧ ስቀመጥ በስንት ወር የመጀመሪያዬ ነው። መጽሐፉን ከፈትኩላት። "ዝናብ ዘነበ፣ ወንዙ ሞላ" ብላ ጀመረች፤ ጣቷ በገጹ ላይ ይሄዳል። ገጹ ላይ ግን የነበረው የዶሮ ሥዕል ነው። አንድም ጽሑፍ የለበትም።

"ይሄ ምንድን ነው የኔ እናት?" አልኳት፣ ጣቴን ዶሮዋ ላይ አድርጌ።

ፊቷን አስጠጋች፣ አራቀች። "ማንበቢያው ነዋ" አለችኝ።

እጇን ያዝኩና በሩ ጋ ወሰድኳት። ከልቃቂቱ አንድ ክንድ ክር መዘዝኩ፣ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ ከደረቷ ፊት ለፊት በሁለት እጄ ወጠርኩት። "ክሩን ያዢልኝ" አልኳት። እጇን ዘረጋች። ክሩን አለፈችው። መለሰችና ከክሩ በታች ጨበጠች፤ ባዶ ነፋስ። ያቺ የጥጥ ፍሬ ስትለቅም በጣቷ አንድም የማይቀራት ልጅ!

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማታዪው?" አልኳት። ድምፄ ጮኾ ነበር መሰለኝ፣ ማልቀስ ጀመረች።

"ምኑን?" አለችኝ።

ይኸው ነው የገደለኝ። ልጄ የጎደላትን አታውቀውም። ማንበብ ማለት እህቷ ያለችውን ይዞ መጽሐፍ እያሹ መድገም ይመስላት ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስላት ነበር። ወየው ልጄ! አስተማሪዋ እኔ፣ እናቷ እኔ፣ አጠገቧ የዋልኩ እኔ። እቅፍ አድርጌያት ተቀመጥኩ፤ አንዱ ዓይኔ ግን በሩን ይመለከታል። ዛሬ እንደዚህ ካየች ነገስ? የበሩ ብርሃን ራሱ ቢጠፋባትስ? ተኩሱን፣ መንገዱን፣ ፈተናውን ሁሉ ረሳሁት። ያ ሁሉ ፍርሃት ተሰብስቦ አንዲት ትንሽ ፊት ላይ ቆመ።

አማቴ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉ። "ጠበል እንውሰዳት" አሉ።

"አባ፣ አንቱ ጠበሉን ይያዙልኝ። እኔ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ።"

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ሐኪሙንስ የፈጠረው ማን ሆነና" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "የሳቅሁ እኔ ነኝ" አሉ። እኔም ስቄያለሁ።

በማግስቱ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ በትንሽ ባትሪ ዓይኗን እያየች ከንፈሯን መጠጠች፤ ሐኪም ከንፈሩን ሲመጥ የማይፈራ ማን አለ! እዚህ የዓይን ሐኪም የለም፣ ወልድያ ውሰጃት፣ አትዘግዪ አለችኝ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ክፍት ነው እስኪባል አራት ቀን ጠበቅን። በእነዚያ አራት ቀናት ልጄን አላሳረፍኳትም። "ይሄ ይታይሻል? ይሄስ?" እላለሁ፣ ማንኪያ፣ አዝራር፣ መርፌ። ትልቋ "እማዬ፣ በቃ ተያት፣ እየፈራች ነው" እስክትለኝ ድረስ።

ሚኒባሱ የኩልመስክን ከተማ እስኪያልፍ ሰው ያወራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፍተሻው በዛ። ፍተሻ ላይ ባስቆሙን ቁጥር ሾፌሩ ሙዚቃውን ይዘጋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጄ ጭኔ ላይ ስለነበረች አብራኝ ትንቀጠቀጣለች። "እማዬ፣ መኪናው ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ መኪናው ነው" አልኳት።

ወልድያ ስንደርስ የክሊኒኩ ወረፋ እስከ ደጅ ወጥቷል። ፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ እያዩ፣ ሹካ የሚመስለው ምልክት አፉ ወደየት እንደዞረ ይናገራሉ፤ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች። ተራዋ ደረሰ። ሐኪሙ አንድ ዓይኗን ሸፈነላትና በተራ እየጠቆመ "ይሄ ወዴት ነው?" አላት።

"ቀኝ። ላይ። ግራ። ታች" አለች ልጄ፣ በዚያ በሚያምር ዜማዋ፣ ሳትሳሳት።

ሐኪሙ "ጥሩ ነው" ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶ አነሳ። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽሁ። "አላየችም! በጆሮዋ ነው! ከሽማግሌው ሰምታ ነው!" ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ አቀረቀረች። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ሰሌዳውን ገለበጠውና "አሁንስ?" አላት። ወደ እኔ ዞረች። "እማዬ፣ ምን ልበል?" አለች።

ዓይኗ ቅርቡን ፈጽሞ አይዝም፣ ሩቁም ብዥ ይልባታል፤ አብሯት የተወለደ ነው አለኝ ሐኪሙ። ብናኙ ነው ወይ? ጨለማው ነው ወይ? ብዬ ደጋግሜ ጠየቅሁት። አይደለም አለኝ። ቀኙ በመነጽር ይስተካከላል፤ ግራው ግን ሥራ ለቋል፣ ቀድመሽ ብታመጫት ኖሮ፣ አለና ፊቴን አይቶ ተወው። ያልጨረሰውን እኔ ስንቴ እንደጨረስኩት እግዜር ይወቀው። ቀኙን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት እየሸፈንሽ ግራውን አሠሪው፣ ይመለስ ይሆናል አለኝ። ይሆናል። ከዚህች ቃል ጋር እስከ ዛሬ አብረን እንኖራለን።

መነጽሩ ተሠርቶ በሾፌር እጅ እስኪላክ ብዙ ቀን ፈጀ። አንድ ጠዋት ውኃ ቀድቼ ስመለስ አማቴ ዶማ ይዘው ጓዳ በኩል ይቆፍራሉ። በሩ ሥር የነበረው ጉድጓድ ተደፍኗል።

"አባ፣ ምን እየሠሩ ነው? እዚያ እኮ አይታይዎትም!"

"ክሩን እጄ ያውቀዋል" አሉ። "መደቡን ወደ በሩ አምጭው።"

መነጽሩ የመጣ ቀን ቀኑ የሥራ ቀን ነበር፤ ግን እንዝርቱን አላነሳሁም። ለዓይኗ ትልቅ ነው፣ አፍንጫዋ ላይ አይቆምም፤ ከኋላ በፈትል ክር አሰርኩላት። ዙሪያዋን አየች፣ ግድግዳውን፣ የገዛ ጥፍሯን። መጽሐፉን ወሰድኩና መጨረሻ አካባቢ፣ እህቷ አንብባላት የማታውቀውን ገጽ ገለጥኩላት። ካላየችስ? ይሄም ካልሠራስ? ከዚህ ወዲያ የምወስዳት አገር የለኝም።

አጎነበሰች። ጣቷን አንዲት ፊደል ላይ አቆመች። ዜማው የለም። ላብ በግንባሯ ወጣ።

"በ..." አለች። ቆየች። "ቅ..." አሁንም ቆየች። "ሉ። በቅሉ።"

እልልታዬን ለቀቅሁት። ጎረቤት ምን ደስታ ተገኘ ብሎ ከደጁ ወጣ።

"እማዬ!" አለች ትልቋ ተናዳ። "በቅሎ ነው እኮ የሚለው! ተሳሳተች!"

አማቴ ከአዲሱ ጉድጓዳቸው፣ ከጨለማው ቀና ብለው "ምንድን ነው? ምን አለች?" አሉ።

"ተሳሳተች አባ!" አልኳቸው፣ እንባዬ አላናግር እያለኝ። "ልጄ ተሳሳተች!"