የአባቴ ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ

ናዝሬት አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ጋሪ ነጂ መሆኑን ከክፍል ጓደኞቼ ደብቄ ነበር። ሲጠይቁኝ “መልካሳ ከተማ፣ ቢሮ ነው የሚሠራው” እላለሁ። ጠዋት በጋሪው ሲያደርሰኝ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በፊት ባለው ማዞሪያ ላይ “መጽሐፍ የምዋሳት ልጅ አለች” ብዬ እወርዳለሁ። እሱም አንድ ቀን እንኳ “ማናት?” ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

አንድ ቀን የሂሳብ መምህራችን በስድስት መስመር የሚፈታውን እኩልዮሽ እኔ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ በሦስት ጨረስኩት። መምህሩ መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። “በየመጽሐፋችሁ የምትሸመድዱት የቀመር ስም ሁሉ ሰው ነበር” አለን፤ “ሚስቱ ለምሳ የምትጠራው ሰው። ሳይንስ ግን የሚይዘው ሁለተኛውን ስም ነው።” ከዚያ ከሥራዬ በላይ የአባቴን ስም ጽፎ “ዘዴ” የሚል ጨመረበት። የፈረንጅ ሁለተኛ ስም የዘር ነው፤ የእኛ ግን የአባት ነው። ክፍሉ አጨበጨበ፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባትሽ ማነው ብለው እንደገና ሲጠይቁኝ ያንኑ የመልካሳውን ቢሮ ደገምኩላቸው።

ዓመት ሳይሞላ ስሙ ከክፍላችን አመለጠ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማን እንዳመጣው ሳያውቁ ይጠሩት ጀመር። በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ልብ ወለድ የሚጽፍ አንድ ተማሪ ደግሞ ጨረቃ ላይ የምታርፈውን መንኮራኩር በአባቴ ስም ጠራት። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ “የሆነ ሊቅ ስም ነው፣ ደስ ይላል” አለኝ። ስሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ ለፈረንጅም ይሆናል።

አንድ ቀን አባቴ ለምሳ እየሳቀ ገባ። ያሳፈራቸው ሁለት ተማሪዎች ስሙን ደጋግመው ሲያነሱ ሰምቶ “አቤት!” ብሎ ዞሮላቸዋል። “አይ አባባ፣ እርስዎን አይደለም፤ የፈረንጅ ሊቅ ነው” አሉት።

“ሞክሼዬ ፈረንጅ ነው እኮ!” አለን። ጋሪ ተራው ላይ ለሁሉም አወራ፤ ባልደረቦቹም “ሊቁ” እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ንጋቱን ፈራሁት። ብነግረው ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ ሊያይ ትምህርት ቤት ድረስ በጋሪው ከች ይላል።

በዚያው ሰሞን አባቴ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ገባ። አንድ እሁድ ከሰዓት ደብተሩን ዘረጋልኝ። በጎባጣ ፊደል ስሙን ጽፏል።

“ሞክሼዬም እንዲህ ነው የሚጻፈው?” አለኝ።

“አባዬ፣ ፈረንጅ የለም። ዘዴውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስሙ ያንተ ነው።”

ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። “ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

ዓይኔ በበሩ በኩል ደጅ የቆመው ጋሪ ላይ አረፈ።

“ጋሪው ነው?” አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ተነስቶ ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ።

በማግስቱ እንደወትሮው ጋሪው ላይ ወጣሁ። ማዞሪያው ጋ ስንደርስ ምንም ሳልለው ልጓሙን ሳበና ቆመ።

“መጽሐፍሽን ተዋሺ” አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። ለካ ሁልጊዜም ያውቅ ነበር።

“እስከ በሩ ውሰደኝ፣ አባዬ” አልኩት። ፈረሱን በጅራፉ እስኪነካው ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።