ቤልጂየም ያስቀመጥነው ድምፅ

ሥራ የጀመርኩት ቤይሩት ዳር፣ ጅዴይዴ፣ በአልማዝ ፀጉር ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ዓመታት ሙሉ የሰው ቤት ስወለውል ኖሬ ላፕቶፕ ፊት መቀመጥ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር። አልማዝ የኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ማኅበራችን መሪ ናት፤ እሷም የቀድሞ የቤት ሠራተኛ ነች። “ያላ ሃቢብቲ፣ ነይ ውዴ፣ አይነክስሽም!” ብላ ወንበሩን ሳበችልኝ።

ማኅበሩ አንድ ልማድ ነበረው። ከማዳሟ፣ ማለትም ከአሠሪዋ፣ ቤት ጠፍታ የወጣች ልጅ ስሟን፣ የምታድርበትን ቤትና የቤተሰቧን ስልክ በድምፅ ትቀዳለች። አንድ ነገር ብትሆን ያለ ስም እንዳትቀበር ነው። ድምፆቹ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጣሉ፤ እነሱን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ።

ያስተማረኝ ከሪም የሚባል ሊባኖሳዊ በጎ ፈቃደኛ ነው። በላፕቶፑ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት የሚጻፉ ሁለት ትእዛዞች አሳየኝ፤ አንዱ ማከማቻው የት አገር እንዳለ፣ ሌላው ማን ሊከፍተው እንደሚችል ይናገራል። ሰኞ ሰኞ ሁለቱንም እጽፍ ነበር። ልጆቹ ግን የሚጠይቁኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቤልጂየም ስላቸው፣ “ተመስገን፣ ማዳም እዚያ አትደርስም” ይሉና እፎይ ይላሉ።

አንድ ሐሙስ ከሶስና ጋር የምትኖር ልጅ እያለቀሰች ደወለች። ሶስና ከማዳሟ ቤት ወጥታ በየቤቱ እያጸዳች የምትተዳደር ልጅ ናት፤ ያለ አሠሪ ፈቃድ መውጣት ደግሞ እዚህ ያሳስራል። የማዳሟ ባል ከፖሊስ ጋር መጥቶ በሩን አንኳኳ። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች “ሶስና የምትባል የለችም” ሲሉት ስልኩን አውጥቶ የራሷን ድምፅ አሰማቸው። “ሶስና እባላለሁ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው የማድረው…” ይዘዋት ሄዱ።

ላፕቶፑን ከፍቼ ሁለቱንም ትእዛዞች ጻፍኩ። ቦታ፦ ቤልጂየም። መክፈት የሚችል፦ ማንኛውም ሰው። ሰኞ እንዲህ አላለም ነበር።

“ያስከፈትኩት እኔ ነኝ” አለች አልማዝ፣ መተኮሻውን አስቀምጣ። “የሶስና እናት ፓስወርድ ማስገባት አቃታቸው። ድምፅዋን ልስማ ብለው አለቀሱ። ያኒ፣ ምን ላድርግ? ማክሰኞ ከሪምን ለእናቶቹ ያለ ፓስወርድ ክፈትላቸው አልኩት።”

በኋላ እንደተረዳነው፣ እናትየው የድምፁን የኢንተርኔት አድራሻ ልጃቸውን ወደ ቤይሩት ለላከው ደላላ ሰጡት፤ የተሻለ ቤት ያገኝላታል ብለው። ደላላው ለአሠሪዎቿ አቀበለ።

በአልማዝ ተናደድኩ፤ በከሪም ደግሞ ባሰብኝ። “አድራሻውን የሚያውቀው ቤተሰብ ብቻ ነው ብዬ ነው” አለኝ። “ደላላም ቤተሰብ ነኝ ነው የሚለው” አልኩት። ከዚያ አድራሻ ተነስቶ የሁሉንም ልጆች ድምፅ መክፈት ይቻል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዘጋሁት።

ሶስና ከታሰረች በኋላ ወሬዋ ጠፋ። እናቷ ደወሉልኝ። “ልጄ፣ እንደ በፊቱ አልከፈት አለኝ። ድምፅዋን እንኳ አትከልክይኝ።”

“እማማ፣ ሌሎቹም ልጆች እዚያው ውስጥ ናቸው” አልኳቸው። አልከፈትኩላቸውም። ስልኩን ወደ ላፕቶፑ አስጠግቼ አሰማኋቸው። ሲያልቅ “ድገሚልኝ” አሉ። ደገምኩላቸው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ዕቃው ያለበትን አገር ማወቅ፣ ማን እንደሚገባበት ማወቅ አይደለም። ሁለቱንም ጠይቁ፤ ሰው በነካው ቁጥር እንደገና ጠይቁ።