የዛቻ ስልክ አስተማሪያችን

ፖሊስ ለመሆን ስንሠለጥን የቦምብ ዛቻን ያስተማሩን ሽማግሌ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ከጎናችን ካለው ክፍል ይደውሉና ድምፃቸውን አጎርንነው «ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቦምብ ቀብሬያለሁ!» ይሉናል። እኛ ስንርበተበት ስልኩን ዘግተው እየሳቁ ይመጣሉ።

«ምነው ልጆቼ፣ የሚዝትባችሁን ሰው አትቆጡት እንጂ! አጫውቱት። የት እንዳስቀመጠው ጠይቁት፤ ከኋላው የሚሰማውን ድምፅ አድምጡ። ሰው ስታስወጡ ደግሞ አትሩጡ፤ እናንተ ከሮጣችሁ ሕዝቡ ይረጋገጣል።»

ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ እንዳንነካ ሲያስጠነቅቁን ብቻ ያ ሳቃቸው ድርግም ይላል።

በመጨረሻው ቀን ልንሰናበታቸው ተሰለፍን። እሳቸው ግን ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጎረቤት ደርሶ እንደሚመለስ ሰው «መጣሁ» ብለውን ወደ በሩ አመሩ።

«ውይ፣ አይሰናበቱንም እንዴ?» አለቻቸው አንዷ ሠልጣኝ።

«ባለቤቴንም በየጠዋቱ እንዲሁ ነበር የምላት። ደህና ሁኚ ካልኳት፣ እስክመለስ በር ላይ ቆማ ነበር የምትውለው።»

ዛሬ እኔም ለቦምብ ዛቻ ስጠራ ልጆቼን ስሜ «መጣሁ» እላቸዋለሁ።