የሚክያስ ድርሻ

አማ ነገር በማቆየት የታወቀች ሴት ነበረች። ስሟ አስካለች ነው፤ እኛ ልጆቿ ግን በቤታችን ቋንቋ አማ ነበር የምንላት። የምትኖረው ሺንሺቾ ዳር፣ ከተማው አልቆ እንሰቱ በሚጀምርበት ቦታ ነበር። የተወለደችበትን ዓመት የሚያውቅ ሰው የለም። መታወቂያዋ ላይ የሰፈረው ቀበሌ የገመተው ስለሆነ ዕድሜዋን እዚህ አልጽፍም።

የፋቀችውን እንሰት በኮባ ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ትቀብራለች፣ ድንጋይ ትጭንበታለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ጎረቤቶቿ በወራት ሲያወጡ እሷ ዓመት ታሳልፍ ነበር። ከዱራሜ ድረስ መጥተው ገበያ ላይ የአስካለችን ቆጮ የሚፈልጉ ሴቶች ነበሩ። ቅቤም እንደዚሁ ነው። ለወላድና ለታመመ እያለች ከአልጋዋ ራስጌ በሸክላ ታቆየዋለች። «የቸኮለ ጥሬ ይበላል» ትለን ነበር፣ ምግቡ ሳይደርስ እጃችንን ስንዘረጋ።

አንድ ሌላ ሕግም ነበራት። መንገድ የወጣ ሰው ድርሻ አይበላም። አባታችን በሕይወት ሳለ ከብት ይዞ ሩቅ ገበያ ሲሄድ፣ የቱንም ያህል ቢዘገይ ድርሻው ተከድኖ ይቆየዋል። እሱ ከሞተ በኋላ ድርሻ የሚቀመጥለት ታናሽ ወንድሜ ሚክያስ ሆነ።

ሚክያስ ደቡብ አፍሪካ የሄደው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው። እንዴት እንደሄደ አልዘረዝርም፤ የእኛ አካባቢ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። እዚያ በብረት ፍርግርግ በታጠረች ትንሽ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። በየዓመቱ መስከረም ላይ የከምባታ ሰው ከያለበት ተጠራርቶ የሚሰባሰብበት መሳላ ሲቃረብ ይደውልና «ዘንድሮስ እመጣለሁ» ይላል። አማም ከሚታረደው በሬ ድርሻውን ታነሳለታለች። ሳይመጣ ሲቀር ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል። ቋንጣ ይጠብቃል፣ ቅቤ ይጠብቃል፣ ቆጮ ይጠብቃል። አማ የማይጠብቅ ምግብ አታውቅም ነበር።

በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ፣ እኔ ከምሠራበት ከሆሳዕና መዝገብ ቤት ለእረፍት ቀን ቤት መጥቼ ሳለ፣ ኤሊያስ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ከሚክያስ የተላከ ፌስታል ይዞ ገባ። እሱም ደቡብ አፍሪካ ሠርቶ መመለሱ ነበር። በፌስታሉ ውስጥ ሹራብ፣ የጉልበት ቅባትና ሁለት ቀይ ቆርቆሮዎች ነበሩ። በቆርቆሮዎቹ ላይ ዓሣ ተስሏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አማ።

«ዓሣ በቲማቲም። ሚኪ ማታ ማታ የሚበላው እሱን ነው። ‹አማ ትቅመሰውና የምበላውን ትወቅ› ብሎ ነው የላከው።»

«ማታ ማታ? በየቀኑ?»

ኤሊያስ ሳቀ። «ዳቦ ካለ በዳቦ፣ ከሌለም እንዲሁ።»

አማ አልሳቀችም። አንዱን ቆርቆሮ አንስታ በእጇ መዘነችው፤ ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደች። ከአጥሩ ማዶ ባለሱቋ ዘይነባ ትኖራለች። ሁለቱ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ሴቶች ናቸው፤ በበዓል ግን ሥጋ አይገባበዙም፣ የእሷ የሙስሊም የእኛ የክርስቲያን ስለሆነ።

«ዘይነባ! ነይ ዓሣ ብዪ። ባራኪ አይፈልግም።»

«እሱንስ ውሃው ባርኮታል» እያለች ዘይነባ መጣች።

አማ ቢላ ይዛ ክዳኑን መውጋት ስትጀምር ዘይነባ እጇን ያዘቻት። «አንቺ ሴትዮ፣ እንሰት መሰለሽ እንዴ የምትፍቂው? ያቻት ቀለበት፣ እሷን ሳቢያት።»

በቆጮ በላን። ዘይነባ ጨው ያንሰዋል አለች፤ እኔ ወደድኩት። አማ ግን ቀስ ብላ ነበር የምታኝከው፣ የሆነ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። «ይሄን ነው የሚበላው» አለች፣ ለማናችንም ሳይሆን። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። ግማሹ ገና ነበር።

«ብዪ እንጂ» አለች ዘይነባ።

«ቀሪው የሚክያስ ነው። ለመሳላ እመጣለሁ ብሏል።»

ምስጋናዋን ራሷ እንድትነግረው ስልክ መሞከር ጀመርኩ። መስመሩ አልገባ ብሎኝ ቆየ። ሲገባልኝ አማ ከጓሮ እየተመለሰች፣ እጇን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋት።

«በላሽው አማ?»

«በላሁት። ጥሩ ነው፣ ቅቤ የለውም እንጂ። ግማሹን ለአንተ አስቀምጬዋለሁ።»

«ምን ውስጥ?»

«ጉድጓድ ውስጥ።»

«የምን ጉድጓድ?»

«የቆጮው ነዋ! ሌላ ምን ጉድጓድ አለኝ? በኮባ ጠቅልዬ፣ ድንጋይ ጭኜበት።»

ሚክያስ በጣም ሳቀ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው በማላውቀው ቋንቋ፣ ምን ሆንክ በሚል ድምፅ፣ ሲጠይቀው ሁሉ ተሰማን። ከዚያ ሳቁ በአንዴ ቆመ።

«አማ፣ መቼ ነው የቀበርሽው?»

«አሁን። እጄን እንኳ አልታጠብኩም።»

«አውጪው። አሁኑኑ አውጪው። ስሚኝ፣ ቆርቆሮ እስካልተከፈተ ድረስ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም የበሰለ ዓሣ ነው። በቆርቆሮው አይተውም። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጪው፣ ክደኚው፣ ዘይነባ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ ለውሻም አትስጪ።»

«መሳላ እኮ ወር ይቀረዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው የማይጠብቅ ምግብ ምን ዓይነት ምግብ ነው?»



ውሃ አፍልቼ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ከነክዳኑ አጠብኩ። አማ ቆርቆሮውን ከጉድጓዱ አውጥታ ዓሣውን ራሷ ገለበጠችው። ቀዩን መረቅ በማንኪያ ጠርጋ ጨመረች፤ አንድ ጠብታ አላስቀረችም። ሦስታችንም ይዘነው ወደ ሱቁ ሄድን፣ ሰው እንደምንሸኝ ሆነን። ዘይነባ ከለስላሳዎቹ ኋላ፣ ብርዱ በሚበረታበት ቦታ አስቀመጠችው።

አማ ለመውጣት ዞር ስትል መደርደሪያው ላይ ያለው ትልቁ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ታያት። ዘይነባ ድልህ በማንኪያ እየለካች ነው የምትሸጠው፤ ሱቆች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። የተከፈተው ቆርቆሮ አፉ ላይ ፌስታል ጣል ተደርጎበት ነበር።

«ይሄስ?» አለች አማ።

«ይሄ ድልህ ነው፣ ዓሣ አይደለም።»

«ቆርቆሮ አይደለም? ልጄ በቆርቆሮ አይተውም ብሏል።»

«ልጅሽ እዚያ ሆኖ የእኔን ሱቅ ሊያስተዳድር ነው?»

«ሰው ልትገድዪ ነው?»

«ኧረ ውጪልኝ!» አለች ዘይነባ። ሳንወጣ ግን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ስትፈልግ አየኋት።

እሑድ ከሰዓት ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ። ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ ዘይነባ ናት። አማ በኋላ ስጠይቃት አላስተባበለችም።

እኔ እንደወጣሁ መብራት ሄደ። ዘይነባ ብርዱ እንዳይወጣ ብላ ፍሪጁን ለማንም አልከፍትም አለች። ነስሩ የሚባለው ባለባጃጅ መጥቶ ለስላሳ ጠየቃት።

«ቀዝቃዛ የለም?»

«አለ። ግን ታስሯል።»

«ምን አድርጎ?»

«ዓሣ ደብቆ።»

መብራቱ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ሰኞ ጠዋት ዘይነባ ጠርሙሱን ይዛ አጥሩን ተሻገረች። አማ ጓሮ ነበረች።

«የሚክያስ እናት፣ ዛሬ ነው። ወይ ትበያለሽ ወይ እደፋዋለሁ።»

«እስከ ነገስ?»

«መብራቱም ሄዶ ነበር፣ ነገን አላምነውም። ፍሪጅ ጉድጓድ አይደለም፤ ያዘገየዋል እንጂ አያቆየውም።»

አማ ጠርሙሱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ደውዪልኝ አለቻት። ሚክያስ ሲያነሳ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«እውነቱን ንገረኝ። ለመሳላ ትመጣለህ?»

«ወረቀቴ አላለቀም አማ» አላት። «አሁን ብወጣ መመለሻ የለኝም።»

«እንግዲያው ብዪው በለኝ።»

«ምኑን?»

«ድርሻህን። አንተ ሳትል አልበላም።»

ዘይነባ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት እንደነበር ነግራኛለች። «ብዪው አማ» አለ በመጨረሻ።

አማ ዓሣውን በደንብ አሞቀችው፤ ዘይነባን ጎን አስቀምጣ ሁሉንም በላች። ጠርሙሱን በቆጮ ጠረገችው። ስታጥበው ብቻ ነው የተናገረችው፦ «የመንገደኛ ድርሻ ስበላ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሁለተኛውን ቆርቆሮ ከቅቤው ሸክላ አጠገብ አኖረችው። ዘይነባ እንክፈተው ስትላት «አይሆንም። የተከፈተ አይጠብቅም አለኝ እንጂ የተዘጋ ይጠብቃል ብሏል» አለቻት። በየመሳላው አውርዳ አቧራውን ትጠርጋለች፤ አብጦ እንደሆነ ክዳኑን በመዳፏ ትዳብሳለች፤ ከዚያ ሥሩ ላይ የታተመውን ቀን እንዳነብላት ትሰጠኛለች።

«አላለፈም?»

«አላለፈም አማ።»

የምትጠይቀኝ ስለ ቆርቆሮው ነበር፣ የምመልሰውም ስለ ቆርቆሮው። ከዚያ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

ሰፈሩ ግን ከእሷ ጋር አሳሩን በላ። የሰው ቤት ገብታ ስትቀመጥ ዓይኗ መጀመሪያ መደርደሪያ ላይ ነው። የተከፈተ ድልህ ወይም ቱና በቆርቆሮው ካየች «ይሄ ማንን ይጠብቃል?» ትላለች። ከጸሎት ጓደኞቿ አንዷ ጵርስቅላ፣ አማ ስትመጣ ቆርቆሮዋን አልጋ ሥር ትደብቅ እንደነበር ለቅሶ ላይ ነግራን ሁላችንም በእንባችን መሃል ሳቅን።

ለቅሶው የአማ ነበር። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ታመመች፤ ሕመሙ አላቆያትም። የሚክያስ ወረቀት ያለቀው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ሲደርስ ድንኳኑ ተነስቶ፣ የቀረው የተረገጠው ሣር ብቻ ነበር። መቃብሯ ላይ ወስደነው ተመለስን። ቤት ገብቶ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠና ጠየቀ።

«ቆርቆሮዋስ?»

አወረድኩለት። ቀኑን አነበብኩ፤ አላለፈም። አላበጠም፣ አልዛገም፣ አልተጨረመተም። አማ እንደምታደርገው እኔም ክዳኑን በመዳፌ ዳበስኩት። ሚክያስ ቀለበቷን ሳባት። ዘይነባ ቆጮ ጋግራ አምጥታ ነበር። ከእናቴ ጉድጓድ የወጣ ነው፤ ይህን ለይቼ ጠይቄያታለሁ።

ለዓመታት ማታ ማታ የበላውን ዓሣ አዲስ እንደሆነበት ሰው ቀስ እያለ በላ። እኛም ቀመስን። ግማሹ ላይ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ።

«ቀሪው የእሷ ነው» አለ።

ማንም አልተከራከረውም። የማርማላታውን ጠርሙስ አፈላሁት። ዓሣውን እሱ ገለበጠ፣ መረቁን በማንኪያ ጠረገ፣ ክዳኑን አጠበቀ። ዘይነባ ወስዳ ከለስላሳዎቹ ኋላ አስቀመጠችው።

በሁለተኛው ቀን ማንም አላነሳውም። ሚክያስ ጓሮ ወጥቶ የእንሰቱን የደረቀ ቅጠል ሲያነሳ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘይነባ ጠርሙሱን ይዛ አጥሩን ተሻገረች።

«ሚክያስ፣ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።» ጠርሙሱን አልተቀበላትም። «እሷ ያኔ እኔን ጠይቃ ነው የበላችው። እኔ ማንን ልጠይቅ? ማን ብላው ይበለኝ?»

ዘይነባ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ዓሣውን እንፋሎቱ እስኪወጣ አሞቀችው፤ ተመልሳ ሚክያስ ከተቀመጠበት ዱካ ፊት በርከክ አለች። ከቆጮው ቆርሳ ዓሣውን ጠቀለለችበት።

«እኔ ነኝ የምልህ» አለችው። «ያን ቀን ያንተን ድርሻ ስትበላ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። እንደምንም ነው የዋጠችው፣ ግን በላችው። ብላ።»

አፉን ከፈተላት።

ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ራሱ ያዘው። የመጨረሻውን ለሦስታችን አካፈለን፤ ጠርሙሱንም በቆጮ ጠርጎ ለእኔ አቀበለኝ። አጥቤ እንዲደርቅ ደፋሁት።