የተያዘው የብረት መቁረጫና የግራ ጫማው

ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ የበያጇ ታላቅ ወንድም የሆንሁ እኔ ስለ እህቴ ይህን ጻፍሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ አሰፍራለሁ።

እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ በርና መስኮት እየበየደች ልጆቿን አሳድጋለች። ቅንድቧን ፍንጣሪ ስለ በላው የሰፈሩ ሰው «እትዬ እሳት» ይላታል። ልቧ ግን የዋህ ነው፤ ለጠየቃት ሁሉ ዕቃ ታውሳለች። እኔ ሰው አላምንም። ስለዚህ በሚሽከረከር ዲስክ የሚሠራውን የብረት መቁረጫዋን የሚዋስ ሁሉ የግራ ጫማውን መያዣ እንዲተው ደንብ አወጣሁ። እርሷም ተዋሹ ባዶ እግሩን እንዳይሄድ አሮጌ ነጠላ ጫማ ትሰጠዋለች።

አንድ ደንበኛ በዚህ አኳኋን የወሰደውን መቁረጫ ይዞ ከግብረ አበሮቹ ጋር የመጋዘን ጓጉንቸር ቆረጠበት። ፖሊስ መሣሪያውንና በመያዣነት የቀረውን ጫማ ያዘ፤ እህቴም ከሌቦቹ ጋር ተስማምታለች ተብላ በወንጀል አድማ ተከሰሰች። ጥፋተኛ ከተባለች እርሷ ትታሰራለች፣ መተዳደሪያዋም ይወረሳል።

በፍርዱ ቀን ችሎቱ እስኪጀመር መቀመጥ አልሆነልኝም። ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ እህቴ የኮቴን እጅጌ ጎተተችና፣

«ጋሼ፣ የተከሰስከው አንተ ነህ እንዴ? ቁጭ በል፣ ይጠረጥሩሃል!» አለችኝ።

ዐቃቤ ሕጉ ጫማውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ጫማ ተቀብላ መሣሪያ ሰጠች፤ ለመንገዱም ነጠላ ጫማ ጨመረችለት! ከዚህ በላይ ምን ስምምነት አለ?»

ደንቡን ያወጣሁት ግን እኔ ነበርሁ።

ዳኛዋ አንቀጹን ደግመው አነበቡ።

«ሕጉ አድማ የሚለው ሰዎች ወንጀሉን ዐውቀው ሊፈጽሙት ሲስማሙ ነው። ዕቃ ለማዋስ መስማማት ለወንጀል መስማማት አይደለም። መያዣ መቀበሏም ሰውየውን አለማመኗን እንጂ አብራው ማሴሯን አያሳይም። የመውረሱ አንቀጽ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ለወንጀል የዋለን ዕቃ አይነካም። በነጻ ትሰናበት፤ መሣሪያውም ይመለስላት።»

ከችሎት ስንወጣ እህቴ፣ «ጥርጣሬህ ገደል ይከተኛል ስል አወጣኝ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን መቁረጫው በእጃችን ስላልገባ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ።

በማግስቱ የፖሊስ ዕቃ ቤት ሠራተኛ አንድ መቁረጫ አውጥቶ ሰጠን። መደርደሪያው ላይ እርሱን የሚመስሉ ብዙ ነበሩ።

«በቃህ፣ አባ ጥርጣሬ! እንሂድ» አለች እህቴ።

ገልብጬ አየሁት። የዲስኩ መከለያ በተሰነጠቀ ጊዜ ራሷ የበየደችበት ጠባሳ በቦታው አለ፤ የእርሷው መቁረጫ ነው።