ስልሳ ሦስት ጊዜ የሞተው ቶራኪቺ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቶራኪቺ ኪዮቶ ገብቶ የፊልም ተዋናይ ከሆነ ወዲህ በዘጠኝ ዓመት ስልሳ ሦስት ጊዜ ሞቷል። የሚገድለው ሁልጊዜ ዋናው ጀግና ነው፤ አንዳንዴማ ጀግናው ሰይፉን መዝዞ ሳይጨርስ ይወድቅለታል። ተመልካቹ ፊቱን ባያውቀውም ጀርባውን በደንብ ይለየዋል።

አማቴ እማማ ካኔ እዚህ ሚያዙ ከተማ ዓሣ አድርቀው ይሸጣሉ። በመጨረሻ የሟች ባላቸውን የዓሣ ቢላዋ አስሳሉና ለልጃቸው ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቆመህ ካላየሁህ መጥተህ ዓሣ ትሰነጥቃለህ የሚል።

ያን ዓመት የአንድ ዋና ተዋናይ እግር ተሰበረና ቶራኪቺ በጌታው መቃብር ላይ የሚያለቅስ ታማኝ ሳሙራይ ሆነ። ፊልሙ ከተማችን ሲደርስ እሱም አዲስ ኮፍያ አድርጎ መጣ። እኔ ልጄን አዝዬ፣ እማማ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከፊት ተቀመጥን።

ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው በሁሉም ሰው ፈንታ የሚናገረው ከመጋረጃው አጠገብ የሚቆመው ተራኪ ሺጌማሱ ነው። የኛ ሰው ቲኬት የሚቆርጠውም ለእሱ እንጂ ለተዋናይ አይደለም። ሺጌማሱ ደግሞ ሰው ሲያዛጋ ካየ ታሪኩን ይለውጣል።

ቶራኪቺ መቃብሩ ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ሲጀምር ከኋላ አንዱ አዛጋ። ሺጌማሱ ጉሮሮውን ጠረገና በቀጭን ድምፅ፣ “ጌታዬ፣ ተነሱ እንጂ። ያ ማታ የበላሁት ፍጅል ሆዴን እየቆረጠኝ ነው፤ መድኃኒቱን የት እንዳስቀመጡት ሳይነግሩኝ ይሞታሉ?” አለ።

አዳራሹ አውካካ። ቶራኪቺ ከአጠገባችን ብድግ ብሎ፣ “እኔ እንደዚያ አላልኩም” አለ።

“ቁጭ በል፣ ጋረድከን” አለው ከኋላ አንዱ። “ደሞ አንተ ምን አገባህ?”

“ሰውዬው እኮ እኔ ነኝ።”

እማማ እጅጌውን ይዘው አስቀመጡት። “ዝም በል ቶራ። ምን እያልክ እንደሆነ ይንገረን።”

የሳቅ እንባቸውን የጠረጉት ቢላዋው በተጠቀለለበት ጨርቅ ነበር። ስንወጣ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንዲህ ስቀው እንደማያውቁ ነገሩትና፣ “በል ሂድ፣ ሥራህን ሥራ። ብቻ ሺጌማሱ እንዳለህ ሁን” አሉት።

ወሬው ኪዮቶ ደርሶ ኩባንያው የቀልድ ፊልም ብቻ ይሰጠው ጀመር። እሱ ዛሬም ከልቡ ያለቅሳል፤ ሰዉም ከልቡ ይስቃል። በየደብዳቤው ያማርራል፤ እኔም ቢያንስ አሁን ፊትህ ይታያል ብዬ እመልስለታለሁ።

ቢላዋው ለእኔ ደረሰኝ። ለእሱ ተብሎ ስለተሳለ ደህና ይቆርጣል።